ድሬ ለመኪናዬ ምን ገዛሁ፣ ምን ተውኩ

ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ያለ አደራ አይሄድም። አንዱ ሽቶ፣ አንዱ ብርድ ልብስ፣ ሌላው ፔርሙስ "ከታይዋን አምጣልኝ" ይላል፤ ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ነው። ዘንድሮ ግን ጆሮዬን ደፍኜ ነው የሄድኩት። ሐሳቤ ለመኪናዬ የሚረባ ዕቃ መግዛት ብቻ ነበር። መኪናዬ ቪትዝ ናት፤ ጃፓን ተሠርታ፣ ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተቀይሮ አገር ቤት የገባች፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቋት ዓይነት።

ስለ አዋሽና ሚኤሶ ቆላ፣ ስለ አሰበ ተፈሪና ሂርና ዳገት ብዙ አልልም። ቁልቢን አልፈን ደንገጎ ስንደርስ ግን መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሐረር፣ አንዱ ወደ ድሬ። የድሬው ጥምዝምዝ ቁልቁለት ነው። ከፊቴ አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ይወርዳል፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታው በመስኮት ይገባል። ማርሹን ሁለተኛ ላይ አድርጌ፣ ፍሬኑን እየነካሁ እየለቀቅሁ ተከተልኩት። ለዚህ የሚሸጥ ዕቃ የለም። ታች ስንደርስ የለበስኩት ሹራብ አስጠላኝ፤ በአንድ ቁልቁለት ከደጋ ቆላ ገብተናል። ይህ ሙቀት በኋላ የገበያውን ዕቃ ሁሉ ለየልኝ።

በማግሥቱ የአክስቴ ልጅ በጠዋት ቀሰቀሰኝ። ድሬ ላይ ገበያ በጠዋት ነው። ከቀትር በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉ ጥላ ፍለጋ ይገባል፣ በርጫው ይሰየማል፤ ያኔ ስለ ጎማ መንፊያ የሚያወራህ የለም።

ታይዋን ውስጥ የመኪና ዕቃ የሚሸጡት ሱቆች ጠባብ ናቸው፤ ከጣሪያ እስከ ወለል ዕቃ ነው። የመሪ ልባስ፣ ባለ ዘርፍ የዳሽቦርድ ምንጣፍ፣ የሚያብረቀርቅ የማርሽ ጭንቅላት፣ ሽቶ፣ ሰማያዊ መብራት። ጌጥ አልጠላም፤ ግን ሁለት ነገር ልናገር። ለስላሳው የመሪ ልባስ እጅ ሲያልበው ይንሸራተታል፤ ደንገጎን በእሱ መዞር አልመኝም። የዳሽቦርድ ምንጣፍ ደግሞ ድሬ ላይ ቅንጦት አይደለም፤ ፕላስቲኩ በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ ይከላከላል። የተሳፋሪውን ኤርባግ ክዳን እስካልሸፈነ ድረስ ይግዛ የሚል ፍርድ ሰጥቻለሁ። ኤርባግ በጎኑ ላለው ወንበር የሚሸጠው ድፍን ልባስ ግን ቢቀር ይሻላል፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ መውጫ ያጣል።

የገባንበት ሱቅ ባለቤት ወጣት ነው። "አቦ ግባ፣ ቁጭ በል" ብሎ ወንበር ሰጠን። ጎማ መንፊያ ስጠይቀው ሁለት ዓይነት አወጣ። አንዷ ፕላስቲክ፣ ቀላል፣ ቁጥር የምታሳይ፤ ካርቶኗ ላይ 150 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት የሚለካበት) ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ሌላው ብረት፣ ከባድ፣ በባትሪው ጫፍ የሚያያዝ መቆንጠጫ ያለው።

"ወላሂ ትንሿን ውሰድ፣ 150 ትሞላለች" አለኝ።

"ወንድሜ፣ የእኔ ጎማ 32 ነው የሚፈልገው። በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ትገፋለች?"

ሳቀ፤ ካርቶኑን አገላብጦ ፈለገው፣ አልተጻፈም። በከባዱ ላይ ግን 35 ሊትር ይላል። ሌላው መታየት ያለበት ቁጥር ዋቱ ነው። 120 ዋት በ12 ቮልት ሲካፈል 10 አምፔር ይሆናል፤ የሲጋራ መለኮሻው ፊውዝ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ስለሆነ ይችለዋል። ከ180 ዋት በላይ የሆነውን እዚያው ብትሰካው ፊውዙን ይበላዋል፤ ለዚህ ነው ከባዶቹ ቀጥታ ከባትሪ የሚያያዙት። ውጭ የቆመችውን ቪትዝ አንድ ጎማ አስተንፍሰን ሞከርናቸው፤ ሞተሩ እየሠራ፣ ባትሪ እንዳይደክም። ትንሿ እየተንቀጠቀጠች መሬት ላይ ሄደች፣ ቱቦዋም ለእጅ አስቸገረ። ከባዱ ወሬያችን ሳያልቅ ጨረሰ። እሱን ገዛሁ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህን እስክታነቡ ይለወጣል።

ከሱ ጋር የንፋስ መለኪያ ያዝኩ፤ ስንት ፒኤስአይ እንደሆነ በመርፌ የምታሳይ፣ ባትሪ የማትፈልግ። ለእኔ ከዝርዝሩ ሁሉ ቀዳሚዋ ይህች ነች። ጎሚስታው ጋ ስሄድ የሱ መለኪያ ከእኔዋ ጋር አልተስማማም። ብዙ የጎሚስታ መለኪያ በዓመታት ውርወራ የተጎዳ ነውና አይገርምም። መሞላት ያለበት መጠን በፊት በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ የጃፓን መኪና ላይ 220 ኪሎ ፓስካል ከተባለ 32 ፒኤስአይ ማለት ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጣሪያው እንጂ የሚሞላው አይደለም። የሚለካውም በጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ። ሙቀት በየ5 እና 6 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፤ ሐረር በብርዱ ጠዋት በልክ የተሞላ ጎማ ድሬ አስፋልት ላይ ከቀትር በኋላ ቢለካ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ሰዉ ያኔ ደንግጦ ያስተነፍሰዋል፤ ተመልሶ ሐረር ሲያድር ጎማው ይጎድላል።

ከዚያ የባትሪ ማስነሻ ፓወር ባንክ ወደሚሸጥበት ተሻገርን። 20,000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት ተብሎ ተለጥፎበታል። በእጄ ስይዘው ቀለለኝ። ከውስጥ ክብ ባትሪዎች ከገቡ እያንዳንዳቸው 45 ግራም ያህል ይመዝናሉ፣ ቢበዛ 3,500 ሚሊ አምፔር-ሰዓት ያህል ይይዛሉ። ስለዚህ 20,000 ለማለት ስድስት ያህል ያስፈልጋል፤ ባትሪው ብቻ 270 ግራም ያህል ይሆናል። አጠገባችን ኦቾሎኒ የሚሸጡ እናት ነበሩ። "እናቴ፣ ሚዛንዎን ያውሱኝ" አልኳቸው። "ይሄ ደግሞ በኪሎ ይሸጣል እንዴ?" ብለው ሳቁና ሰጡኝ። ከሽፋኑ ከምኑ 190 ግራም! ሻጩ ራሱ አጎንብሶ አየው፣ ከዚያ ከሥር ሌላ አወጣ። የወጣው ደህና ይመዝን ነበር፤ ግን አልገዛሁም። ሊትየም ባትሪ ድሬ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው አይገባም፤ በየምሳው ቤት ይዞ መግባቱ ደግሞ ይሰለቻል።

በምትኩ የባትሪ ገመድ መረጥኩ። እሱም የራሱ ማታለያ አለው፤ ላስቲኩ ይወፍራል፣ ሽቦው ይቀጥናል። ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጎ ማየት ነው፤ ቀይ መልኩ ላይ ላይ ብቻ ሆኖ ከሥሩ ነጣ ካለ አልሙኒየም ነው። ሻጩ ካላስፋቀህ ሌላ ሱቅ አለ።

ቀትር ላይ መኪናዋ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቆማ ስትውል ጥላው ዞሮባት ፀሐይ መታት። እንዲህ ባለ ፀሐይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ስንመለስ የመስታወቱ ላይ የስልክ መያዣ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ የሚምገው ላስቲክ በሙቀት ለስልሷል። የአክስቴ ልጅ ወደ ባጃጅ ሾፌሮቹ አሳየኝ፤ መያዣቸው በቦሎንና በሽቦ የታሰረ ነው። ከዚያ በኋላ የአየር ማውጫው ላይ በመንጠቆ የሚያዝ ገዛሁ፤ ቀዝቃዛው አየር ስልኩንም ያቀዘቅዘዋል። የመስታወት ፀሐይ መከላከያ የብር ቀለሟ ታጣፊ ደግሞ ድሬ ከገዛሁት ሁሉ ርካሿ ናት፤ መሪው የሚያዝ ሆኖ ያገኘሁት በሷ ነው።

ካሜራም አየን፤ አደጋ ሲደርስ ማስረጃ የሚሆነው፣ መስታወት ላይ የሚገጠመው። እዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ በቂ ነው፦ ውስጡ ሊትየም ባትሪ ነው ወይስ ካፓሲተር (በባትሪ ፈንታ ለአጭር ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚይዝ ክፍል)? በሙቀት አገር የሚቆየው ካፓሲተር ያለው ነው፤ ሌላው ያብጣል። ሱቁ ውስጥ ካሉት ካፓሲተር ያለው አንድም አልነበረም፤ ትቼው ወጣሁ። የሞተሩን ብልሽት በስልክ የሚያነበው ትንሽ መሣሪያም "ለሁሉም መኪና" ይባላል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ መኪኖች ላይ ሶኬቱ ይገባል፣ ግን ብዙ ጊዜ አይነጋገርም። ከመክፈል በፊት እዚያው ሰክቶ ማየት ነው፤ የእኔዋ ላይ ዝም አለ።

ወደ ሐረር የወጣነው በማግሥቱ ነው። በአወዳይ ግርግር አልፈን ሸዋ በር ስንደርስ አንድ ፔጆ 404 ታክሲ ቆሟል። ፈረንሳይ ይህን መኪና ከ1960 እስከ 1975 ነበር የሠራችው፤ ሐረር ላይ ግን ገና ሰው ያሳፍራል። ሾፌሩ ሽማግሌ ናቸው። "ጋሼ፣ እስቲ ኋላውን ያሳዩኝ" አልኳቸው። "አቦ ምን አለውና!" እያሉ ከፈቱት። ጀሪካን ውኃ፣ የቆየ ክሪክ፣ ጎማ መፍቻ፣ በልክ የተጠረበ የእንጨት ሽብልቅ፣ አንድ ቁራጭ ሳንቃ። ሽብልቁ ዳገት ላይ ጎማ ለመደገፍ፣ ሳንቃው ክሪኩ አፈር ውስጥ እንዳይሰምጥ። የሽብልቁ ጠርዝ በዘመን አገልግሎት ለስልሶ የእጃቸውን ቅርጽ ይዟል። ሁለቱንም የሚያክል እዚያው አናጺ ቤት አስቆረጥኩ፤ ከገዛሁት ሁሉ በዋጋ ትንሹ ይኼው ነው።

እሳት ማጥፊያም ሐረር ላይ ያዝኩ፤ ባለ አንድ ኪሎ ዱቄት፣ መርፌው አረንጓዴው ላይ ያለ። ብዙ ሰው ለቦሎ ምርመራ ብሎ ይገዛና ከመቀመጫ ሥር ይረሳዋል። ዱቄቱ በመንገድ መናጥ ስለሚረጋ አልፎ አልፎ ገልብጦ መነቅነቅ አለበት። ሻንጣ ውስጥ ከዕቃ ሥር ከገባ ደግሞ የለህም ማለት ነው፤ እኔ ከሾፌሩ ወንበር ፊት አሰርኩት።

ወደ ድሬ ስንመለስ ደንገጎ ላይ መሸብን። ከታች የሚወጣው ሁሉ ረጅም መብራት ያበራሁ መስሎት ያንቀለቅልብኛል፤ ያበራሁት ግን አጭሩን ነው። የአክስቴ ልጅ "ነጭ ኤልኢዲ አምፖል እናስገባላት፣ ታይዋን ሞልቷል" አለ። ጠዋት ኤሌትሪሽያን ጋ ሄድን። ሰውየው አምፖል አላነሳም፤ መኪናዋን ሜዳ ላይ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር አርቆ አቆማትና መብራቱን አስበራኝ። ግድግዳው ላይ ብርሃኑ በስተግራ በኩል ሽቅብ ይወጣል።

"ይኸውልህ" አለኝ። "ጃፓን በግራ ነው የሚነዳው፤ መብራቱ የተሠራው የግራውን መንገድ ዳር እንዲያሳይ ነው። መሪህ ተቀየረ፣ መብራትህ ግን ጃፓን ነው ያለው። እዚህ ግራህ ላይ ያለው የሚመጣብህ ሰው ዓይን ነው።"

ኤልኢዲውስ? ለሃሎጅን አምፖል በተሠራ መስታወት ውስጥ ብርሃኑ ይበታተናል፤ ያው ስሕተት በእጥፍ ደምቆ ይመጣል። አማራጮቹ ሁለት ናቸው አለ፤ ሽቅብ የሚወጣውን ክፍል በተለጣፊ መጋረድ፣ ወይም በግራ መሪ ለሚነዳ ቪትዝ የተሠራ ሙሉ የፊት መብራት ከአሮጌ መለዋወጫ መፈለግ። ለጊዜው ተለጣፊውን ለጠፈልኝ፤ ከመብራቱ ቁመት በ10 ሜትር ርቀት 10 ሴንቲሜትር ዝቅ እንዲል አድርጎ ዊንጩን አስተካከለው። ሙሉ መብራቱን ድሬ አላገኘሁም፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እየፈለግሁ ነው።