የኃይሌ ገሪማን ፊልሞች በተራ ሳያቸው የገባኝ ነገር

ብዙ ሰው የፊልም ዳይሬክተሩን ኃይሌ ገሪማን በ«ጤዛ» ፊልሙ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እኔም ያው በሱ ነው የጀመርኩት። ግን ስቃይና መዳን ፊልሞቹ ላይ እንዴት እንደሚመላለስ ለማየት አንድ ፊልም አይበቃም፣ ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ስትመጣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ካለው «ሳንኮፋ» ከሚባለው የራሱ ሱቅ የፊልሞቹን ዲቪዲ እንድታመጣልኝ ለመንኳት፣ ያገኘችውን አመጣችልኝ፣ እኔም ባሕር ዳር ሽምብጥ ቤታችን ላፕቶፕና ትንሽ ስፒከር ይዤ በተሰሩበት ቅደም ተከተል ማየት ጀመርኩ።

ለእያንዳንዱ ፊልም ደብተር ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የምፅፈው፣ ማን ተጎዳ? ማን ሰማው? መጀመሪያ ሁለተኛው ጥያቄ «ማን አዳነው» ነበር፣ ለምን እንደቀየርኩት ወደታች እነግራችኋለሁ።

«ምርት ሦስት ሺ ዓመት» (1976፣ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጥቁርና ነጭ ነው፣ ረጅም ነው፣ ትዕግስት ይፈልጋል። ጭሰኛው ቤተሰብ ቀኑን ሙሉ ይለፋል ባለርስቱ ቁጭ ብሎ ይሳደባል፣ ከብት የምትጠብቀዋን ልጅ ደግሞ ጎርፍ ይወስዳታል። ከበበ የሚባል መሬቱን የተቀማ ሰውዬ አለ፣ እብድ ነው ይሉታል፣ እሱ ግን እየዞረ እውነቱን ነው የሚናገረው፣ በኋላ ባለርስቱን ይገድለዋል። «ቡሽ ማማ» ሎስ አንጀለስ ነው፣ ባሏ ባላጠፋው ጥፋት የታሰረባት ዶሮቲ፣ የእርዳታ ቢሮው ፅንሱን አስወርጂው እያለ የሚያስጨንቃት። «ሳንኮፋ» (1993) ላይ ጋና ኬፕ ኮስት የባሪያ ምሽግ አጠገብ ፎቶ የምትነሳ ሞዴል ድንገት ወደ ኋላ ተወስዳ ባሪያ ትሆናለች፣ እዛ ኑኑ የምትባል ሴት አለች፣ አገሯን ያልረሳች፣ ሌሎቹን ሰብስባ የምትነግራቸው። እሷን የሚገድላት ደግሞ በመደፈር የወለደችው የገዛ ልጇ ነው። ይሄን ካየሁ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ሌላ ፊልም መክፈት አልቻልኩም።

ወደ «ጤዛ» ስመለስ ብቻዬን ላየው አልፈለግኩም። ጎረቤታችን እትዬን ጠራኋቸው፣ በደርግ ጊዜ የነበረውን አፈሳ በደንብ ያውቁታል። ፊልሙ 2008 ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በዓመቱ ደግሞ ቡርኪና ፋሶ በሚደረገው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ፌስፓኮ ላይ ትልቁን ሽልማት አግኝቷል አልኳቸው፣ እሳቸው ለሱ ግድ የላቸውም፣ ጣናን ሲያዩ ነው ወደ ስክሪኑ የተጠጉት። ልጆቹ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የሚደበቁበት ጋ «መልሰው፣ መልሰው» አሉኝ። መለስኩላቸው። «እኛም ወንድሜን ዘጌ ቡናው ውስጥ ነበር የደበቅነው» አሉና ዝም አሉ።

የ«ጤዛ» ዋና ገፀ ባህሪ አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ ጓደኛው ተስፋዬ ተገድሎበት፣ አንድ እግሩን አጥቶ እናቱ ጋ የተመለሰ ሰው ነው፣ የሆነውንም በቅጡ አያስታውስም። ጠበል ይወስዱታል። እኔ ይሄን ክፍል መጀመሪያ ሳየው የተማረ ሰው ላይ የሚደርስ ሌላ ስቃይ ነው ብዬ ነበር ያለፍኩት። እትዬ ግን «ጠበሉ እኮ አስለፈለፈው እንጂ ገና አላዳነውም» አሉ። በቃ፣ ደብተሬን የቀየርኩት ያኔ ነው። እውነትም ትዝታው መምጣት የሚጀምረው እዛ አካባቢ ነው፣ ከዛ በኋላ ግን የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል፣ የምትሰማው ደግሞ መንደሩ ያገለላት አዛኑ ናት፣ እሷ ራሷ የቆሰለች። ልጅ ትወልድለታለች፣ እሱም የመንደሩን ልጆች ያስተምራል። እግሩ አልተመለሰም፣ ተስፋዬም አልተነሳም። ኃይሌ ጋ መዳን ማለት ይሄ ይመስለኛል፣ የሆነብህን ሳትረሳ ሰው ፊት አውጥተህ መናገር፣ ከዛ ደግሞ ለሌላ ሰው መትረፍ።

እንደዚህ ለማየት ለሚፈልግ ሰው ከልምዴ የምለው፣ በ«ምርት» አትጀምሩ፣ ቀስ ስለሚል ተስፋ ትቆርጣላችሁ፣ «ሳንኮፋ» ይሻላል። «ጤዛ» ጀርመንን፣ የደርጉን አዲስ አበባንና መንደሩን እያማታ ስለሚሄድ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ወረቀት ላይ እየሰመራችሁ እዩት፣ እኔ እንደዛ ካደረግኩ በኋላ ነው የጠራልኝ። ከሁሉም በላይ ዘመኑን የኖረ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ፣ እሱ ሲያወራ ፊልሙን አቁሙት፣ ጨርሰን እናወራለን አትበሉ፣ ሲያልቅ ወሬውም ይበርዳል።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የሚያስተምር ጓደኛዬ ግን በከበበ ጉዳይ እስካሁን አልተስማማኝም። ባለርስቱን ሲገድል ነፃ ወጣ ይላል። እኔ ደግሞ ፊልሙን ሙሉ ሲናገር አብዛኛው ሰው እብድ ነው ብሎ ያለፈው ሰውዬ ዱላ ያነሳው ሰሚ ስላጣ ነው እላለሁ፣ በደሉን አልክድም፣ ግን ደብተሬ ላይ «ማን ሰማው» የሚለው ቦታ ለሱ ባዶውን ነው የቀረው ማለት ይቻላል። አሁን «አሽስ ኤንድ ኤምበርስ»ን እየፈለግን ነው፣ የ1982 ፊልሙ ነው፣ ከቬትናም ጦርነት ስለተመለሰ ወታደር፣ እሱ ላይ ደግሞ አያቱ አሉ። ከተገኘ እትዬም ይመጣሉ።