ቃጫን ከሬዚን ጋር ማስታረቅ

የእንሰት ቃጫ ስንት ዘመን ገመድና ጆንያ ሆኖ ኖሯል። እኔ የፈለግኩት በፖሊስተር ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ የሚጠጥር ፕላስቲክ) ውስጥ ገብቶ የፋይበር ግላስን፣ ማለትም የመስታወት ክርን፣ ቦታ እንዲይዝልኝ ነው። ክብደቱ ቀላል ነው፤ መስታወቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.5 ግራም ገደማ ሲመዝን የእጽዋት ፋይበር ወደ 1.5 ነው። ችግሩ ቃጫ ውሃ ይወዳል፣ ሬዚን አይወድም። የላዩ ሰም፣ እንዲሁም ሊግኒንና ሄሚሴሉሎስ የሚባሉት የእጽዋቱ ማያያዣዎች ካልተነሱለት ሁለቱ በደንብ አይያያዙም።

ይህን የሚያነሳው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ሳሙና ሠሪዎች የሚጠቀሙበት። ዘዴው አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ሜርሰር ጥጥን በዚሁ አክሞ እ.ኤ.አ. በ1850 ፓተንት አውጥቶበታል።

ሰበታ በተከራየሁት ግቢ ነው የምሠራው። ያልተገመደ ቃጫ ከመርካቶ ገዝቼ፣ የተጣበቀበትን የእንሰት ፍቅፋቂ በውሃ አጥቤ አበጥረዋለሁ። ከዚያ ለ1 ሊትር ውሃ 50 ግራም ገደማ ሶዳ። ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ውሃው ነው የሚገባው፤ በተቃራኒው ከሆነ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ጓንትና መነጽር ግድ ነው። የአሉሚኒየም ድስት በፍጹም አይሆንም፤ ሶዳው ይበላዋል፣ ሃይድሮጅን ጋዝም ይወጣል። የፕላስቲክ ባልዲ ይበቃል።

ቃጫው ገብቶ ትንሽ እንደቆየ ውሃው እንደ ሻይ ይቀላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሶዳ ቢጨመር ይሻላል ይላል። አይሻልም። ሲበዛ የቃጫውን ዋና አካል፣ ሴሉሎሱን ራሱን ይጎዳዋል፤ ቃጫው ነጥቶ ያምራል፣ ግን ጎተት ሲያደርጉት ይበጠሳል።

የሥራው ክብደት ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ማጠብ፣ ደግሞ ማጠብ። መጨረሻ ላይ ጠብ የምታደርጉት አቼቶ የቀረውን ሶዳ ያረግበዋል፤ ሶዳ ሲነካው ሰማያዊ የሚሆነው ቀይ ሊትመስ ወረቀት ቀለሙን ካልቀየረ በቃ። የመጀመሪያውን እጣቢም በአሲድ ሳላረግብ አልደፋም፤ ከግቢው በታች ከብት የሚጠጣበት ወንዝ አለ።

ማድረቅ ደግሞ በበጋ ጨዋታ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ዘርግቶ መተው። ክረምት ሲገባ ግን የሰበታ አየር ራሱ እርጥብ ነው። አምፖል የተገጠመለት የእንጨት ሳጥን ሠራሁ፤ ሙቀቱን 70 ዲግሪ አካባቢ እይዘዋለሁ። በእጅ ዳስሶ ደርቋል ማለት አይቻልም። እመዝናለሁ፣ እመልሳለሁ፣ እንደገና እመዝናለሁ፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ያኔ ደርቋል። ወዲያው ፌስታል ውስጥ አስሬ አስቀምጠዋለሁ፤ ካለበለዚያ እርጥበቱን መልሶ ይስባል። እርጥብ ቃጫ ሬዚን ውስጥ ከገባ አረፋ ያበዛል፣ ጥንካሬውም ይወርዳል።

ውጤቱን በላብራቶሪ ማሽን ማስለካት ጥሩ ነው። እኔ መጀመሪያ ናሙናውን ሰብሬ ስብራቱን በማጉያ መነጽር አያለሁ። ያልታከመው ላይ ቃጫው ረዝሞ ተመዝዞ ይወጣል፤ የወጣበት ቦታም ንጹህ ቀዳዳ ነው። በደንብ የታከመው እዚያው ሬዚኑ አፍ ላይ አጥሮ ይበጠሳል፤ ላዩም ሬዚን ለብሷል። ማጣበቂያ ጥገና የሚሠራ የጋራዥ ጎረቤቴ ሁለቱን ቢያይ፣ «ይሄኛውማ ነክሶታል» አለ። እኔም ከዚያ የተሻለ አገላለጽ የለኝም።

አሁን የምሠራው የወንበር መቀመጫና የሳጥን ክዳን ነው። ለውሃ ታንከር አልደፍርም። ሲቆረጥ ጫፉ የተገለጠ ቃጫ፣ የታከመም ቢሆን፣ በዚያው በኩል ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ የተቆረጠ ጠርዝ ሁሉ እንደገና ሬዚን ይቀባል።