አማካሪዬ ጥናቴን በስሙ አሳተመ፤ አቤቱታውን ያበላሸሁት ግን እኔው ነኝ

የማስተርስ ጽሑፌ በቦርከና ውሃ አትክልት ስለሚያለሙ የኮምቦልቻ ዙሪያ ገበሬዎች ነበር። በተመረቅሁ በዓመቱ ጓደኛዬ የአንድ ጆርናል ሊንክ በቴሌግራም ላከችልኝ። ጥናቱ የኔ፣ ደራሲው አማካሪዬ ብቻውን! ምስጋናው ውስጥ እንኳ ስሜ የለም።

ለዩኒቨርሲቲው አቤቱታ አስገባሁ፣ ኮሚቴ ተሰየመ። እስከዚህ ደህና ነበር።

ደሴ ፒያሳ ካፌ ተቀምጬ በንዴት «የቅጅ መብቴ ተጥሷል» ብዬ የጻፍኳት መስመር ስድስት ወር በላችብኝ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው «እህቴ፣ ጽሑፉን በአእምሯዊ ንብረት አስመዝግበሻል?» አሉኝ። «አላስመዘገብኩም» ብዬ ዝም። ዛሬም ያቺ ዝምታ ታንገበግበኛለች። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ያነበብኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ለካ ምዝገባ ግዴታ አይደለም፤ ወጥ የሆነ፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳ ሥራ ተጽፎ ከተቀመጠ ይበቃዋል። ግን አዋጁ የሚጠብቀው አገላለጽን እንጂ ሐሳብን አይደለም፤ አማካሪዬ ደግሞ ዓረፍተ ነገሮቼን አንድ በአንድ ቀያይሯቸዋል። የሰው ሐሳብና መረጃ ምንጭ ሳይጠቅሱ መውሰድ የሚያስጠይቀው በዩኒቨርሲቲው በራሱ የሥነ ምግባር ደንብ ነው። እኔ የፍርድ ቤት ክርክር ይዤ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቆምኩ።

የአማካሪዬ ጽሑፍ ተቀድቶ እንደሆነ የተፈተሸበት ሶፍትዌር ውጤት ደግሞ 11 በመቶ መጣ፤ «ንጹሕ ነው» ተባለ። ሶፍትዌሩ የቃል መመሳሰል ነው የሚቆጥረው። የኔ ጽሑፍ ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ወጥቶ ኢንተርኔት ላይ ካልዋለ ከምን ጋር ያመሳስለው? በዚህ መሐል ሽማግሌ ተላከብኝ፦ «ልጄ፣ መምህርሽ አይደሉም? ስምሽን ሁለተኛ ቢያስገቡልሽስ?» በሰው ፊት አከበርኳቸው፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ያዳነኝ የራሴ ስህተት ነው። ሠንጠረዥ 4 ላይ 64፣ 51 እና 37 ደምሬ 162 ብዬ ጽፌ ነበር። ፈታኞቼም አላዩትም (እነሱንም ታዘብኳቸው)። የአማካሪዬም ሠንጠረዥ 162 ይላል! ኮሚቴው ፊት በስልኬ ደመርኩት፣ 152። ሰብሳቢው ስልኬን ተቀብለው ራሳቸው ሁለቴ ደመሩ።

«መጀመሪያ የውስጥ አሠራሩን ጨርሺ» ይሏችኋል፤ እኔ አልስማማም። ሁለቱን ሠንጠረዦች ጎን ለጎን አድርጋችሁ በዚያው ቀን ለጆርናሉ ላኩ። እኔ ዘግይቼ ብልክም የአማካሪዬን ጽሑፍ ከኅትመት ያነሳው ጆርናሉ ነው። ለዩኒቨርሲቲው የምታስገቡትንም በቃል ሳይሆን በመዝገብ ቤት አስገቡ፣ ግልባጫችሁ ላይ ማኅተም ሳይመታ አትውጡ።

አማካሪዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈለት ተባለ። ግልባጩን ብጠይቅ «አንቺን አይመለከትም» አሉኝ።