በበዓለ ሃምሳ የተጾመ ረቡዕ

ትንሣኤ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንት ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታሞቹ እንደ ወትሯችን ለቡና ተሰብስበን ሳለ፣ ከግቢያችን በስተጀርባ የሚኖሩት እናት የተዘረጋላቸውን የዳቦ ቁራሽ «ጾም ነኝ» ብለው መለሱት። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም እርሳቸው ከሁላችን የበለጠ ያውቃሉ፤ ቢሆንም አንዳችንም ቃል አልተነፈስንም። ነገሩ የገባኝ ማታ ነው። ቡናችን በየተራ የሚፈላ ሲሆን፣ የእርሳቸው ተራ ሁለት ጊዜ «አሞኛል» በሚል ምክንያት አልፏል፤ ሳያበሉ መብላት ከብዷቸው ኖሯል።

እኚህ እናት ከአንድ የልጅ ልጃቸው ጋር የሚተዳደሩት በሟች ባለቤታቸው ጡረታ ነው። ጤፍ በ2015 ዓ.ም. ኩንታሉ 10 ሺህ ብር ሲደርስ እንጀራ መጋገር ትተው ከጉልት እየገዙ መብላት ጀመሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዘይትም አብሮት ወጣ። ጡረታ እንደ ዶላር አይሮጥም።

የሰፈራችን ባለሱቅ ግን ይህን ሁሉ ከእኛ ቀድሞ ያውቅ ነበር። በኋላ እንደነገረኝ፣ አንድ ኪሎ ሽሮ ይወስድ የነበረ ሰው መጀመሪያ ግማሽ፣ ቀጥሎም ሩብ ይላል፤ የሊትር ዘይቱ ይቀርና በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠው ይተካል፤ ከዚያ ዱቤ ይመጣል፤ በመጨረሻም ደንበኛው ዕዳው እያሳፈረው በሌላ መንገድ ዞሮ መሄድ ይጀምራል። «ሰው ሱቄን እየሸሸ ሲያልፍ ቤቱ ባዶ ነው ማለት ነው» አለኝ። እርሳቸው ከፋሲካ በፊት ጀምሮ በታችኛው መንገድ ነበር የሚመላለሱት።

ልጁ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሚሰጠው ምገባ ቁርስና ምሳውን እዚያው ይበላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ቅዳሜና እሑድ አለ፤ ከዚያም ክረምቱ ይመጣል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያ ሁሉ ማዕድ በአንድ ጊዜ ወደ ባዶው ጓዳ ይመለሳል።

በየበዓሉ ማዕድ ማጋራት እየተባለ ዘይትና ዱቄት ሲታደል አያለሁ። ብዙ ቤት እንደሚደርስ አውቃለሁና አላጣጥለውም። ነገር ግን የተቀባዩ ፊት ከአምስት ሊትር ጀሪካን ጋር አብሮ ፎቶ የሚነሣበት እርዳታ፣ ገመናቸውን በጾም የሚሸፍኑትን እናት ከቤታቸው አያስወጣቸውም። እኔ ለባለሱቁ ጥቂት ገንዘብ ሰጥቼ የዱቤ ደብተራቸውን አዘጋሁ፤ ማን እንደከፈለ እንዳይነግራቸው፣ ሲጠይቁም «በስህተት ተጽፎብዎት ነበር» እንዲላቸው ተስማማን። ውሸት ነው፤ ያም ቢሆን አልጸጸተኝም።

የበለጠ ያሳሰበኝ የእድራችን ነገር ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ሰዓት ሳይሞላ ይተከላል፤ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ የሦስት ቀኑ ንፍሮ ሁሉ የተዘጋጀ ነው። መተዳደሪያ ደንባችን ግን የወር መዋጮውን ያዘገየ አባል ይቀጣ፣ ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዝ ይላል። የገንዘብ ያዣችን መዝገብ ከባለሱቁ ደብተር ጋር አንድ ነው፤ መዋጮ ያቆመ ሰው ከእህል የተረፈ ሳንቲም ያጣ ሰው ነው። እኛ ግን ሄደን በሩን በማንኳኳት ፈንታ ቅጣት እንጨምርበታለን። እርሳቸውም ሁለት ወር አልከፈሉም ነበር።

በሰኔው ስብሰባ ላይ ይህንኑ ተናገርኩ። አንድ አረጋዊ አባል ተነሥተው፣ «እድር የሞት ነው፤ የኑሮውን ከጀመርን ድንኳኑን ሸጠንም አንዘልቀው» አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ካዝናችን ለሁለት ተከታታይ ለቅሶ እንኳ የሚፈተን ነው። ከረጅም ክርክር በኋላ የተስማማነው በጥቂቱ ነው፦ ቅጣቱ ለዓመት እንዲቆም፣ ሁለት ወር ያልከፈለ አባል ቤት ደግሞ ሁለት ሴቶች ለጥየቃ እንዲሄዱ፣ ያዩትንም ለዳኛው ብቻ እንዲናገሩ። ከእድሩ ገንዘብ ይረዳ የሚለው ለጠቅላላ ጉባኤ ተላልፏል።

ባለሱቁም ዕቃ መተካት አቅቶት ባለፈው ሳምንት «ዱቤ የለም» ብሎ በካርቶን ላይ ጽፎ ለጥፏል። ስለ እርሳቸው ጠየቅሁት። «ለእሳቸው በቃሌ እይዛለሁ» አለኝና ሩብ ኪሎ ሽሮ መመዘኑን ቀጠለ።