በኤስኤቲ ሰዋስው ላይ ጆሯችሁን አትመኑ፣ ግሡን ፈልጉ

ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ የሚወሰደው የኤስኤቲ ፈተና ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ከተዛወረ ወዲህ (ከአሜሪካ ውጭ እ.ኤ.አ. በ2023፣ አሜሪካ ውስጥ በ2024) የዐረፍተ ነገር ማረሚያ ጥያቄዎቹ አጥረዋል። አንድ አጭር አንቀጽ፣ አንድ ክፍት ቦታ፣ አራት ምርጫ፤ በቃ። የንባብና የጽሕፈት ክፍሉ ሁለት ሞጁል (ለየብቻ ሰዓት የሚያዝለት ንዑስ ክፍል) አለው፤ እያንዳንዱ 27 ጥያቄ በ32 ደቂቃ። ለአንድ ጥያቄ 71 ሴኮንድ ገደማ ይደርሰዋል ማለት ነው። ከ54ቱ ጥያቄዎች ከ11 እስከ 15 የሚሆኑት ሰዋስውና ሥርዓተ ነጥብ ናቸው። የተዘጋጀ ተማሪ እያንዳንዳቸውን በ30 ወይም በ40 ሴኮንድ ይጨርሳቸዋል፤ የተረፈው ጊዜ ለከባዱ ንባብ ይውላል። በሞጁሉ ውስጥ የሚመጡት ከንባቡ በኋላ ነው። ሰዓት የሚያጥራችሁ ከሆነ ከእነሱ ጀምሩ፤ በአንድ ሞጁል ውስጥ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ ይቻላል። የመጀመሪያው ሞጁል ውጤት የሁለተኛውን ክብደት ስለሚወስን፣ እዚያ ላይ ቀላል የሰዋስው ጥያቄ መጣል ያስቆጫል።

አንቀጹን ከማንበባችሁ በፊት ምርጫዎቹን እዩ። ቃሉ አንድ ሆኖ ነጥቡ ብቻ ከተለያየ፣ ጥያቄው ዐረፍተ ነገር የት አልቆ የት ይጀምራል የሚል ነው። የቃሉ ቅርጽ ከተለያየ ደግሞ ስለ ባለቤትና ግሥ፣ ስለ ጊዜ ወይም ስለ ተውላጠ ስም ነው። ይህን ሳይለዩ ማንበብ የጀመረ ተማሪ አራቱንም በየተራ በልቡ እያነበበ «የቱ ይጥማል?» ይላል። አማርኛ አፉን የፈታ ሰው ደግሞ የሚጥመው አማርኛን የሚመስለው ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ከዚህ ነው እንጂ ከስንፍና አይደለም።

ነጠላ ሰረዝን ውሰዱ። በአማርኛ «ዝናቡ አቆመ፣ ገበሬዎቹ ወደ ማሳቸው ተመለሱ» ብለን ብንጽፍ ብዙም የሚቆጣን የለም። በእንግሊዝኛ ግን «ዘ ሬይን ስቶፕድ» ብሎ ኮማ፣ ቀጥሎ «ዘ ፋርመርስ ሪተርንድ» ማለት ስሕተት ነው፤ ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በኮማ ብቻ አይያያዙም። ወይ የአራት ነጥብ አቻ የሆነው ፒሪየድ፣ ወይ ሴሚኮለን (;)፣ ወይ ኮማ ከነመስተጻምሩ ያስፈልጋል። መስተጻምሮቹ ሰባት ናቸው፦ ኤንድ፣ በት፣ ሶ፣ ኦር፣ ኖር፣ ዬት፣ ፎር። «ሃውኤቨር» እና «ዜርፎር» እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። «ነገር ግን» ብለን ስለምንተረጉመው «ሃውኤቨር»ን እንደ «በት» ቆጥረን በኮማ እናያይዘዋለን፤ ፈታኞቹ ይህን ወጥመድ ደጋግመው ያመጡታል።

እዚህ ላይ የሚያሳስተው ሌላው ነገር በ«ኢንግ» የሚያልቅ ቃል ነው። «ሪተርኒንግ» ረዳት ግሥ ከፊቱ ካልመጣ ግሥ አይባልም፤ ዐረፍተ ነገርም አያቆምም። ስለዚህ «ዘ ሬይን ስቶፕድ» ካለ በኋላ ኮማ አድርጎ «አላዊንግ ዘ ፋርመርስ ቱ ሪተርን» ቢል ትክክል ነው፤ ሴሚኮለን ቢያደርግ ግን ይበላሻል። ከነጥቡ ግራና ቀኝ ጣታችሁን አኑሩና «እዚህ ሙሉ ግሥ አለ? እዚያስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱም ጋ ካለ ኮማ ብቻውን አይበቃም።

የቃሉ ቅርጽ ሳይለይ ፒሪየድና ሴሚኮለን ሁለቱም በምርጫ ውስጥ ከመጡ ሁለቱንም ሰርዟቸው። ሥራቸው እዚያ ቦታ ላይ አንድ ስለሆነ፣ አንዱ ልክ ከሆነ ሌላውም ልክ ይሆን ነበር፤ ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ ደግሞ የለም። ኮለን ከፊቱ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይፈልጋል። እኛ «እነሱም፦» ብለን መዘርዘር ለምደናል፤ በእንግሊዝኛ ከ«ሰች አዝ» ወይም ከ«ኢንክሉዲንግ» በኋላ ኮለን አይገባም። በመሐል የገባ ተጨማሪ ሐሳብ በኮማ ከተከፈተ በኮማ፣ በዳሽ ከተከፈተ በዳሽ ይዘጋል።

ወደ ባለቤትና ግሥ ስንመጣ፣ አማርኛ ከዚህ ችግር እንዴት እንዳዳነን ልብ በሉ። «በይርጋጨፌ የሚበቅሉ የቡና ፍሬዎች ጣዕም በከፍታው ይወሰናል» ስንል ባለቤቱ «ጣዕም» ከግሡ ብዙ አይርቅም። እንግሊዝኛ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ «ዘ ፍሌቨር» ብሎ ይጀምርና «ኦፍ ኮፊ ቢንስ ግሮውን ኢን ይርጋጨፌ» የሚለውን ሁሉ መሐል ይሰገስጋል። ግሡ ጋ ሲደረስ ጆሮ ውስጥ የቀረው «ቢንስ» ነው፤ «ዲፔንድ» የሚለው የብዙ ቁጥር ግሥም ትክክል ይመስላል። መልሱ «ዲፔንድስ» ነው። ከ«ኦፍ» ጀምሮ እስከ ግሡ ያለውን በሐሳባችሁ ቁረጡት፤ «ዘ ፍሌቨር ዲፔንድስ» ብቻ ይቀራል። ምርጫዎቹ ሦስቱ የብዙ፣ አንዱ ብቻ የነጠላ ሲሆኑ (ወይም በተቃራኒው) አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ለየት ያለው ነው፤ ቢሆንም ቆርጣችሁ አረጋግጡ።

ከሁሉ የከፋው ግን በኮማ የሚያበቃ መግቢያ ሐረግ ነው። «ሰርቺንግ ዘ ስሎፕስ አት ሐዳር ኢን 1974» ይልና ኮማ፣ ቀጥሎ ክፍት ቦታ። ከኮማው በኋላ የመጀመሪያው ሆኖ የሚቀመጠው ስም ፈላጊው ራሱ መሆን አለበት፤ ማለትም የሉሲን አጽም ያገኘው «ዶናልድ ጆሃንሰን»። «ዘ ቦንስ ኦፍ ሉሲ» ብሎ የሚጀምረው ምርጫ አጥንቶቹን ፈላጊ ያደርጋቸዋል። «ጆሃንሰንስ ዲስከቨሪ» የሚለውም አይሆንም፤ ባለቤቱ ግኝቱ እንጂ ሰውየው አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ ይህን የሚስተው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። «ተዳፋቱን ሲያስስ የሉሲ አጽም ተገኘ» ብንል «ሲያስስ» ውስጥ «እሱ» አለ፤ ግሡ ባለቤቱን ተሸክሞ ስለሚመጣ ማንም አይደናገርም። የእንግሊዝኛው «ሰርቺንግ» ግን ማን እንደሆነ አይናገርም፤ ለማወቅ የሚታየው ከኮማው ቀጥሎ የመጣው ስም ነው። ምርጫዎቹን የመጀመሪያ ስማቸውን ብቻ እያያችሁ አጥሩ፤ ብዙ ጊዜ ሦስቱ ወዲያው ይወድቃሉ።

ጊዜን በተመለከተ በአንቀጹ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ግሦች ተከተሉ፤ ዓመት ወይም «ሲንስ» የሚል ቃል ካለም እሱን። «ኢትስ» አፖስትሮፊ (’) ካለው «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» ማለት ነው፤ ከሌለው «የእሱ»። አፖስትሮፊው ከመጨረሻው ኤስ በኋላ የሚመጣበት «ኢትስ» የሚባል ቃል የለም፤ ምርጫ ውስጥ ግን ያስገቡታል።

ለልምምድ ብሉቡክ የተባለው የፈተናው መተግበሪያ ሙሉ የሙከራ ፈተናዎች በነጻ አሉት። ስትሠሩ መልሱን መምረጥ ብቻ አይበቃም፤ ሦስቱ ለምን እንደወደቁ በአንድ በአንድ ቃል ደብተር ላይ ጻፉ፦ «ኮማ ብቻ»፣ «ብዙ ቁጥር»፣ «ተንጠልጣይ» (ከኮማው ቀጥሎ ትክክለኛ ባለቤቱን ያላገኘ መግቢያ ሐረግ)። ከአራት አምስት ፈተና በኋላ የትኛው ቃል እንደሚደጋገም ታያላችሁ፤ የሚቀጥለውን ሳምንት ለዚያ ስጡት። በፈተናው ቀን ደግሞ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ፣ ሰዓቱ 30 ሴኮንድ ሲቀረው ባዶ የተተወውን ሁሉ ሙሉ።