ክብደቴን ከካፒታል ወደ መደበኛ በጀት ያዞርኩበት ዓመት

በ2014 ዓ.ም. ዕቁብ ደረሰኝ። ያኔ 88 ኪሎ ነበርኩ። የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው። ሐኪሙ "ጨው ቀንሺ፣ ተንቀሳቀሺ፣ ክብደትሽንም ቀንሺ" ብሎኛል። የዕቁቡን ብር ይዤ በቀጥታ ጂም ሄድኩና የሦስት ወር ከፈልኩ። አዲስ ስፖርት ጫማ ገዛሁ። ቱታ ገዛሁ። በስልክ የሚታዘዝ "የሚያከሳ ሻይ" እንኳ ሳይቀር ገዛሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ7,000 ብር በላይ ወጣ።

በሦስት ወር 7 ኪሎ ቀነስኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አራተኛው ወር ላይ ግን የዕቁቡ ብር አለቀ። የጂሙን ከደመወዜ ልክፈል ስል የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰ። "በሚቀጥለው ወር" አልኩ። የሚቀጥለው ወር በዓል ሆነ። ዓመት ሳይሞላ 88 ኪሎዬ ላይ ተመለስኩ።

ብዙ ጊዜ ራሴን ስወቅስ ኖሬያለሁ። ሰነፍ ነኝ፣ ሆዴን መግዛት አቃተኝ እያልኩ። ነገሩ የገባኝ በ2016 ሰኔ ላይ ነው፤ ያውም ቢሮ ቁጭ ብዬ።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሰኔ ፋታ የለንም። በጀት ደግሞ ካፒታልና መደበኛ ተብሎ ይከፈላል። ጤና ጣቢያ መገንባት ካፒታል ነው። አንዴ ይሠራል፣ ይመረቃል። የነርሶቹ ደመወዝ፣ መድኃኒቱ፣ መብራቱ፣ የጣሪያው ጥገና ግን መደበኛ ነው። በየዓመቱ ይመጣል። መደበኛ በጀት ያልተያዘለት ጤና ጣቢያ ተመርቆ ይዘጋል። ይህን ሠንጠረዥ እየሞላሁ ሳለ የራሴ ታሪክ ፊቴ ድቅን አለ። እኔም ክብደቴን የያዝኩት እንደ ካፒታል ፕሮጀክት ነበር። ጂሙን፣ ጫማውን፣ ቱታውን አስመርቄ ለአራተኛው ወር ሳንቲም አልያዝኩም።

ሰውነትም እንደዚያው ነው። ሰው ሲቀንስ ሰውነቱ በቀን የሚፈልገው ምግብም ይቀንሳል። ስለዚህ 76 ኪሎ ደርሶ እንደ 88 ኪሎ ሰው መብላት የጀመረ ሰው ተመልሶ ይጨምራል። ሥራው ግቡ ላይ ሲደርሱ የሚያልቅ አይደለም። ወጪውም እንደዚያው።

ከዚያ በኋላ ደብተር ያዝኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት የማወጣውን ሳይሆን የምተወውን ነበር። በሥራ ቀን አንድ ለስላሳ እጠጣ ነበር፤ በ40 ብር ሒሳብ በወር 880 ብር ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ባጃጅ 15 ብር፣ በወር 330። ትልቁ ግን ዘይት ሆኖ አገኘሁት።

የዘይቱን ነገር ዘርዘር ላድርገው። ቤታችን አራት ነን። ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ወር አይሞላም ነበር። አንድ ቀን ወጥ ስሠራ እንደ ልማዴ ከጀሪካኑ ወደ ድስቱ ከመገልበጥ ይልቅ በቡና ሲኒ ለካሁ። ሁለት ሲኒ ተኩል ሆነ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ አንድ ሲኒ አምስት ማንኪያ ያህል ይይዛል። ሲኒዎቹን ምድጃው ዳር ደርድሬ ቆሜ አየኋቸው። ይህን ሁሉ በየቀኑ አራት ሆነን ስንጨርስ ኖረናል።

አሁን ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላላለሁ። ድስቱ መያዝ ሲጀምር ጠብ ጠብ እያደረግኩ ውኃ እሰጠዋለሁ። ቀልቶ ሲለሰልስ አንድ ሲኒ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬው። ጊዜ ይወስዳል፤ ከሰልም ትንሽ ይጨምራል። ይህንንም ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ። ባለቤቴ በመጀመሪያው ሳምንት "ወጡ ምነው ደረቀ?" ብሎ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ረሳው። ጀሪካኑ አሁን ሁለት ወር ይቆያል። በጊዜው ዋጋው 1,500 ብር ስለነበር በወር 750 ተረፈኝ።

ድምሩ 1,960 ብር መጣ። ሌላ ብር አልነበረኝም፤ መደበኛ በጀቴ ከዚህ ማለፍ የለበትም አልኩ።

ጂሙን ተውኩት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጥቼ እዚሁ ባሕር ዳር ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ እሻገራለሁ፤ ተመልሼም እሻገራለሁ። 380 ሜትር ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ሲደረግ ቀላል አይደለም። የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ከታች ዓባይ አለ። በሐይቁ ዳር መሄድም እወዳለሁ፣ ግን ጠዋት ብቻዬን ስሆን ድልድዩን እመርጣለሁ። ከዚያ በእግሬ ቢሮ እገባለሁ። ይህ በነፃ ይመስላል፤ አይደለም። እንዲህ የሚሄድ ሰው ጫማ ይጨርሳል። የእኔ ሶል በስምንት ወር ተበላ። ከሰልባጅ የገዛሁት ደህና ስፖርት ጫማ ያኔ 2,400 ብር ነበር፤ ለስምንት ሲካፈል በወር 300። ጫማው ሲያልቅ ብሩ ተቀምጦ ይጠብቀኛል ማለት ነው። ጫማ አጣሁ ብዬ እግር ጉዞ ያቆምኩበት ቀን የለም።

ክረምት ሌላ ነው። የባሕር ዳርን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለእነዚህ ሁለት ወሮች ብቻ ጂም እገባለሁ። ያኔ በወር 1,200 ነበር፤ የሁለቱ ወር 2,400 ለዓመት ሲከፋፈል በወር 200 ብር ነው። ከመስከረም ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ማስቀመጥ ብቻ።

ለምግብ 500 ብር ጨመርኩ። ዕንቁላል፣ ጎመን፣ አንዳንዴ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ። ዓሣ ስገዛ አንድ ነገር ተማርኩ። ከአንድ ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ሥጋ ሲሶ ያህል ነው። ስለዚህ ሙሉውን ዓሣ ከፊሌቶ ጋር በኪሎ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። እኔ ሙሉውን የምገዛው ጭንቅላቱንና አጥንቱን ሾርባ ስለማደርገው ነው።

በዐቢይ ጾም እኔ ዓሣ አልበላም፤ ፈላጊው ግን ስለሚበዛ ዋጋው ይወጣል። ጾም ያከሳል ይባላል። እኔ ግን በጾም እጨምር ነበር። ምክንያቱ ያው ዘይቱ ነው፤ ሥጋና ቅቤው ሲቀር በዘይት የተጠበሰ ድንችና ዳቦ ይተካዋል። በ2017 ጾም ሲኒዬን አልለቀቅኩም። ምስር፣ ሽምብራና ሽሮ አበዛሁ፤ የዓሣውም ብር ወደ እነሱ ሄደ።

መንገድ ተዘግቶ አስቤዛ የተወደደባቸው ሳምንታት ነበሩ። ጤፉን ከፎገራ ሩዝ ጋር ቀላቅዬ ጋገርኩ፤ ዕንቁላሉ ቀረ። ለእንዲህ ያለው በወር 150 ብር መጠባበቂያ ይዤ ነበር። ባልይዝ ኖሮ መጀመሪያ የምነካው የጫማውን ብር ነበር።

ስለ ልብስ አስቀድሜ አላሰብኩም ነበር። 6 ኪሎ ስቀንስ የቢሮ ቀሚሶቼ ትከሻዬ ላይ አልቆም አሉ። አዲስ ከመግዛት ብዬ ሰፈራችን ወዳሉት ልብስ ሰፊ ወሰድኳቸው። ሽማግሌ ናቸው። ቀሚሱን ገልብጠው ስፌቱን በጣታቸው ዳበሱና "ልጄ፣ አሁን አልቆርጠውም። ወደ ውስጥ አጥፌ ነው የምሰፋልሽ። ከቀነስሽ እንጨምራለን፣ ከተመለስሽም እንፈታዋለን" አሉኝ። "አልመለስም ጋሼ" አልኳቸው። "እሱን አላልኩም፤ ጨርቁ ግን ይቆይ" አሉ። ለልብስ ማጥበቢያ 150፣ ግፊቴን ለመለካት 50 ብር መደብኩ። መድኃኒቱን በራሴ አላቆምኩም፤ ሐኪሙ ራሱ ነው አይቶ የቀነሰልኝ።

በወር በድምሩ 1,350 ብር ሆነ። ከተረፈው 1,960 ላይ ሲነሳ 610 ይቀራል። እሱ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ባለቤቴ ይህን የበጀት መስመር የወደደውም ያኔ ነው።

በአሥር ወር 76 ኪሎ ገባሁ። ፍጥነቱ የመጀመሪያውን አያህልም። ያኔ በወር ከሁለት ኪሎ በላይ ነበር የምቀንሰው፤ አሁን አንድ ኪሎ ከምናምን ነው። በጥር ወር ምንም አልቀነስኩም፤ ሁለት ሰርግ ነበረብን።

ሰኔ ላይ ባለቤቴ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና "እንግዲህ ካሰብሽው ደርሰሻል፤ ይቺን መስመር አንሰርዛትም?" አለኝ። ጤና ጣቢያው ተመረቀ ብለን የነርሷን ደመወዝ እንዘጋለን ወይ አልኩት። ትንሽ ዝም አለና ደብተሩን መለሰልኝ።

የ2018 በጀት ላይ መስመሩን 1,450 ብር አድርጌዋለሁ። ጫማው 3,200 ገብቷል።