የሾክ ሞገድ በብረታ ብረት ውስጥ፦ እስካሁን የተረዳሁት

የብረታ ብረትን ጥንካሬ የማውቀው ናሙናን ቀስ ብሎ በመሳብ ከሚደረገው ፍተሻ ነበር። ሰሞኑን ግን አንድ ዝርግ ብረት ሌላውን በሰከንድ በመቶዎች ሜትር በሚቆጠር ፍጥነት ሲመታው በውስጡ ምን እንደሚከናወን እያጠናሁ ነው፤ ምቱ በብረቱ ውስጥ የሚያስነሳው ድንገተኛና ብርቱ የግፊት ሞገድ የሾክ ሞገድ ይባላል። ወደ ጉዳዩ ለመግባት የረዳኝ ዋናው ነጥብ፣ ሞገዱ በሚያልፍበት እጅግ አጭር ጊዜ ብረቱ ወደ ጎን ለመስፋት ፋታ ስለማያገኝ፣ የሚታመቀው ሞገዱ በሚሄድበት አቅጣጫ ብቻ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወደ ግራፉ ንባብ አለፍኩ። የተመታው ብረት የጀርባ ገጽ ፍጥነት በሌዘር ሲለካ፣ በግራፉ ላይ መጀመሪያ ትንሽ እርከን፣ ቀጥሎም ዋናው አቀበት ይታያል። እርከኑ ቀድሞ የደረሰው፣ ብረቱ ወደ ነበረበት ቅርጽ የሚመለስበት የኢላስቲክ ሞገድ ሲሆን፣ አቀበቱ ደግሞ ብረቱን በቋሚነት የሚለውጠው የፕላስቲክ ሞገድ ነው። የብረቱን እፍግታ፣ የቁመታዊ ድምፅን (በሚጓዝበት አቅጣጫ ብረቱን የሚያምቀውን ሞገድ) ፍጥነትና የእርከኑን ከፍታ አባዝተን ለ2 ስናካፍል የሁጎኒዮ ኢላስቲክ ወሰን የሚባለውን፣ ማለትም ብረቱ በሾክ ሞገድ ሥር በቋሚነት መለወጥ የሚጀምርበትን ጫና፣ እናገኛለን፤ ለ2 የምናካፍለው ሞገዱ ከነፃው ገጽ ሲንጸባረቅ ፍጥነቱ ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ ነው። ለአሉሚኒየም እፍግታውን 2700 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ፣ የድምፁን ፍጥነት 6400 ሜትር በሰከንድ፣ እርከኑን 60 ሜትር በሰከንድ ብንወስድ ውጤቱ 0.52 ጊጋፓስካል ገደማ ይሆናል።

ከሁሉ አብልጦ የማረከኝ የሙቀት ጉዳይ ነው። በዝግታ ሲጫን ብረት በሞቀ መጠን ይለሰልሳል፣ ምክንያቱም ቅርጽ የሚለውጡት ዲስሎኬሽኖች፣ ማለትም በክሪስታሉ ውስጥ ያሉ የአቶም ረድፍ መዛነፎች፣ መሰናክላቸውን ለማለፍ የሙቀት ንዝረት ያግዛቸዋል። በሾክ ሞገድ ሥር ግን ዲስሎኬሽኖቹ እጅግ ፈጥነው እንዲሮጡ ስለሚገደዱ ያው ንዝረት የሚጎትታቸው ተቃውሞ ይሆናል፤ በዚህም የተነሳ ንጹሕ አሉሚኒየም ሲሞቅ የኢላስቲክ ወሰኑ ከፍ ሊል ይችላል። ያው ንዝረት በአንዱ ሁኔታ አጋዥ፣ በሌላው እንቅፋት መሆኑ በእኔ እይታ የዚህ መስክ ትልቁ ውበት ነው።

በንጹሕ ብረት፣ ማለትም በአይረን፣ ሌላ ነገር ይጨመራል፦ በ13 ጊጋፓስካል አካባቢ የአቶሞቹ አደራደር ራሱ ስለሚለወጥ ግራፉ ሦስተኛ እርከን ያወጣል፤ ይህም በ1956 እ.ኤ.አ. በሾክ ሙከራ ታውቋል።

አሁን የያዝኩት፣ ናሙናው በወፈረ ቁጥር የኢላስቲክ እርከኑ ለምን እንደሚያንስ ማጥናት ነው፤ ሞገዱ በተጓዘ መጠን ዲስሎኬሽኖች ለመንቀሳቀስና ለመባዛት ጊዜ ስለሚያገኙ ጫናውን እያረገቡት ይሄዳሉ። በተለያየ ውፍረት የተወሰዱ ግራፎችን አነጻጽሮ ያነበበ ሰው ካለ፣ የእርከኑን ጫፍ የት ላይ እንደሚወስድ ቢያካፍለኝ በእጅጉ ይጠቅመኛል።